ስንቃቸውን የሚቋጥሩ ወፎች

ከባቱ የተመለስነው 640 ፎቶ ይዘን ነው። ሰኞ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ ስለቅም ለሰው የሚታይ ሆኖ የተረፈኝ 14 ብቻ ሆነ። ከ14ቱ አምስቱን ያነሳችው የ11 ዓመቷ ልጄ ናት፤ ያውም በእናቷ ስልክ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ካሜራ የለኝም፣ ሌንስ ውድ ነው» እያላችሁ ለምትቀሩት ነው። እኔም እንደዛ እያልኩ ሦስት መጋቢት አሳልፌያለሁ።

መጋቢትን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ የውሃ ወፎች ከመስከረም ጀምሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይገባሉ። በጋውን እኛ ጋ ይከርማሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ከኬንያና ከታንዛኒያ በኩል የሚነሱትም በዚሁ መስመር ስለሚያልፉ ለእረፍት ጎራ ይላሉ። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት የሐይቁ ዳር የበዓል ዋዜማ አውቶቡስ ተራ ይመስላል። የከረመው ይሄዳል፣ መንገደኛው ያርፋል፣ ነዋሪው ቆሞ ያያል።

ያኔ ግን የሚሄደው የትኛው፣ የሚቀረው የትኛው እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እኔ የሄድኩት ሻላ ለማንሳት ነው። ያ ትልቁ ነጭ ወፍ፣ ከአገጩ በታች ከረጢት ያለው። በሐሳቤ አንድ የሚያምር የሻላ ፎቶ አንስቼ ሳሎን እሰቅላለሁ፣ አለቀ።

ባቱን የመረጥነው ደግሞ ለአዲስ አበባ ስለሚቀርብ ነው፤ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ። (ከተማው ባቱ ነው፣ ሐይቁ ደንበልም ይባላል፣ አብዛኛው ሰው ግን ዛሬም ሁለቱንም ዝዋይ ነው የሚለው። እኔም ሳላስበው እቀላቅላለሁ።) ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ግን ጥልቀት የለውም። በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ዳር ዳሩ ጭቃና ደንገል ስለሆነ በእግሩ እየሄደ ለሚለቅም ወፍ የተነጠፈ ገበታ ማለት ነው። በዛ ላይ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዳር ላይ ዓሣ ስለሚያርዱ ትልልቆቹ ወፎች ሰው አይፈሩም። ረጅም ሌንስ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አራት ሆነን እንሄዳለን ብዬ ነበር፤ አምስት ሆንን። እናቴ ወፍ ልናይ ነው ስላት «ወፍ ለማየት ነዳጅ ታቃጥላላችሁ? ግቢ ወጥቶ ማየት ነው እንጂ!» ብላ ሳቀችብኝ። ዝዋይ መሆኑን ስትሰማ ግን ነጠላዋን ማጣጠፍ ጀመረች። ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለችውን ማርያም ጽዮንን መሳለም የቆየ ምኞቷ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚያ ደሴት ሸሽተው ነበር ይባላል። እማዬ ይሄን ታሪክ ስታወራ ዓይኗ ይቀየራል። እንግዲህ እኔ ለሻላ፣ እሷ ለጽዮን፣ ባለቤቴ ለእንቅልፍ፣ ልጆቹ ደግሞ ለጀልባ ተነሳን። በአንድ ቪትዝ።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ወጣን። በአዳማው ፈጣን መንገድ እስከ ሞጆ፣ ከዛ ወደ ባቱ በሚወስደው አዲሱ ፈጣን መንገድ ነው። መንገዱ ጥሩ ነው። ግን ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዛ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ በሌሊትም አትንዱ። «ጎህ ሲቀድ እዛ ልድረስ» ብሎ ሌሊት 9 ሰዓት መነሳት ለፎቶ ጥሩ ነው፤ ቤተሰብ ይዞ ግን አይሆንም። አንድ ሌሊት እዛው ማደር ይሻላል። ትንሹ ልጄ (7 ዓመቱ ነው) መቂን ሳናልፍ አስመለሰው። ፌስታል ያዙ። ሁለት ፌስታል።

ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ሐይቁ ዳር ደረስን። የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ጋ ነው።

ባቱ ያለችው ከሐይቁ በስተምዕራብ ነው። ይህ ማለት ጠዋት ወደ ሐይቁ ስትዞሩ ፀሐይዋ ፊት ለፊታችሁ ናት። የሚነሳው ወፍ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። እኔ ደግሞ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ካኖን አንጠልጥዬ፣ እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ገጥሜ፣ መቶ ምናምን ፎቶ ቀጭ ቀጭ አድርጌ አነሳሁ። ሁሉም ጥቁር። በስክሪኑ ላይ ሳየው ፀሐዩ ስለሚያንጸባርቅ ነው መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ ጥቁር ነው።

መላው ቀላል ነው። አሣ ማራገፊያው ጋ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ የሚሄድ በአፈርና በድንጋይ የተደለደለ መንገድ አለ። ጠዋት ከሆነ እሱን ይዛችሁ እስከ ጫፍ ሂዱና ፊታችሁን ወደ ከተማው አዙሩ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች፣ ደንገሉ ውስጥ ያለው ወፍ ሁሉ ይበራል። ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ምንም አትልፉ፣ ዳር ላይ ቁሙ፤ ፀሐይዋ ራሷ ከኋላ ትመጣለች። ይሄን አንድ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ቅዳሜ ረፋዴን አላቃጥልም ነበር። ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ለማንኛውም ከባድ ነው። በዛ ሰዓት ምሳ ብሉ፣ ተኙ፣ ልጆቹን አጫውቱ።

አሁን ስለ ሻላዎቹ። ዓሣው የሚታረድበት ቦታ ላይ ሃያ ሠላሳ ሻላ ውሃው ላይ ተኮልኩሎ የዓሣ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ይጠብቃል። አንድ ወጣት ቁርጥራጭ የያዘ ባልዲ አንስቶ «ጋሼ፣ ላበላልህ? ፎቶ ታነሳለህ» አለኝ። ስንት ነው አልኩ፤ የጠራውን ከፈልኩ፣ ሲወረውርም ግርግር ሆነ። ከረጢቱ ሲዘረጋ ከ10 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ትንሹ ልጄ «ጀሪካን ዋጠ!» እያለ ይጮሃል።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ሰዎቹን ሳትጠይቁ አታንሱ። እነሱ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቱሪስት ሁሉ ስልክ ደቅኖባቸው ሰልችቷቸዋል። እኔ መጀመሪያ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ዓሣ ገዝቼ፣ ከዛ ነው ካሜራ ያወጣሁት። ያኔ ራሳቸው «እዚህ ጋ ቁም፣ እዛ ጋ ይመጣል» እያሉ ያሳዩኛል። ሁለተኛ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ያልተስማማሁት ሁለተኛ ወፍ የሚያበላ ሰው መጥቶ እሱም ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፣ ግን ቅር አለኝ።

ደግሞ አባ ኮዳ አለ። አባ ኮዳን የማያውቅ የለም፤ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ኮዳ ያንጠለጠለ የሚመስል፣ ቆሞ እንደ ጡረተኛ ዳኛ የሚያይ። ቁመቱ የልጄን ያህል ነው። ልጄ የዓሣ አንጀት ይዞ ሲቆም አንዱ ከኋላው መጥቶ ከእጁ መነጨቀው። አልነከሰውም፣ ግን ልጁ እስከ ማታ ድረስ እናቱን አለቀቀም። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ምግብ በእጃቸው አይያዙ፤ ትልቅ ሰው ይወርውር።

ትልቋ ግን አባ ኮዳውን ወደደችው። «አባዬ፣ እግሩ ለምንድነው ነጭ የሆነው?» አለች። እግሩ በተፈጥሮው ጥቁር ቢጤ ነው። ሙቀት ሲበዛበት የራሱን ኩስ እግሩ ላይ ይለቀዋል፤ ሲደርቅ ያበርደዋል፣ ነጭ ቀለሙም ከዛ ነው። ይህን ስነግራት ፊቷን አኮማተረችና ወዲያው ወደ እግሩ ተጠግታ አነሳችው። ከ14ቱ አንዱ ይኸው የእግር ፎቶ ነው። እኔ ሺህ ጊዜ ብሄድ እግር ብቻ አላነሳም ነበር።

የሻላ ፎቶ ላይ ያገኘሁት ሌላው ችግር ነጭነቱ ነው። ወፉ ነጭ፣ ውሃው ጥቁር አረንጓዴ። ካሜራው ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ ሻላው ደግሞ ላባው የማይለይ ነጭ ወረቀት ይሆናል። በስልክ ከሆነ ወፉን በጣት ነካ አድርጉና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ሳቧት። በካሜራ ከሆነ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን መጠን) በአንድ እርከን ያህል ወደ ቅናሽ አምጡት። አባ ኮዳ ጥቁር ስለሆነ ሰማይ ጀርባው ካለ ተቃራኒውን ታደርጋላችሁ። ለሚበር ወፍ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ከ1/1000 ሰከንድ ከዘገየ ክንፉ ጭስ ይሆናል። ፎከሱ ሁልጊዜ ዓይኑ ላይ። የቀረውን እየሠራችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ እኔም ከዚህ በላይ አላውቅም።

ምሳ ላይ የተለመደው ክርክር ተነሳ። ጾም ነው። ባለቤቴና ልጆቹ ቆሮሶ ጥብስ አዘዙ። እማዬ ሽሮ። «ዓሣ የጾም ነው» ይላል የምግብ ቤቱ ልጅ፣ እማዬ «ለማን?» ትለዋለች። ይሄ ክርክር ኢትዮጵያ እስካለች ይኖራል፤ እኔ መሀል ሰፋሪ ሆኜ ከሁለቱም በላሁ። ከመብላት ይልቅ ልጆቹን የያዛቸው ግን መስኮት ላይ የተሰበሰቡት ወፎች ነበሩ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስንመለስ ሐይቁ ሌላ ሐይቅ ሆኖ ጠበቀን። ፀሐይዋ ከኋላ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ የጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ይሄ ወፍ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያራገበ እንደ ሄሊኮፕተር ይጠብቃል፣ ከዛ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ለጀማሪ ምርጥ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ቦታ ላይ ስለሚቆም ፎከስ ለማድረግ ጊዜ ይሰጣል። ጃካና የሚባለውን ደግሞ ፈልጉት። ጣቶቹ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ በውሃ ላይ ቅጠል ላይ ይራመዳል። ዕንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው። ለእማዬ ስነግራት ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ «ሰማሽ?» አለቻት። እኔን ግን አላየችኝም።

ትልቋ ልጄ ወደ ውሃው ገባ ብላ ለማንሳት ጫማዋን ስታወልቅ ባለቤቴ ጮኸች። ልክ ነበረች። ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ፤ ዳር ዳሩ ላይ ካሉ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣ ተሐዋሲ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ጉማሬም አለ። ውሃው ቢያምርም እግር አይነከርም። ቦቲ ጫማ ካላችሁ ያዙ፣ ከሌላችሁ ደረቅ መሬት ላይ ቁሙ። በስህተት ከገባችሁ ደግሞ አትደብቁ፣ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

ያደርንበት ፔንሲዮን «ሐይቁን ያሳያል» ተብለን ነው የገባነው። የሚያሳየው የጎረቤቱን ታንከር ነው። አጎበሩም ተቀዷል። ባቱ ወባ ያለበት አገር ነው፤ አጎበር፣ የትንኝ ቅባትና እጅጌ ያለው ልብስ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። መርፌና ክርም ያዙ እላለሁ፤ እማዬ ከቦርሳዋ አውጥታ አጎበሩን በስልክ መብራት ሰፋችው።

እሁድ ንጋት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ እኛ ሐይቅ። 12 ሰዓት ከ15 ላይ መንገዱ ጫፍ ቆመን ነበር። ብርድ አለ፤ ሰው ቆላ ነው ብሎ ጃኬት አይዝም፣ ያዙ። ፀሐይዋ ስትወጣ ጥላዎቹን ለማንሳት ሆነ ብዬ ወደ እሷ ዞርኩ፣ ምክንያቱም ታንኳው ላይ የቆመው አስጋሪና ከላዩ የሚያልፈው የሻላ ሰልፍ ጥቁር ሲሆኑ ያምራሉ። ቅዳሜ በስህተት ያነሳሁትን እሁድ አውቄ አነሳሁት። አንዷ አሁን ሳሎን ናት።

ያኔ ነው ትልቋ የጠየቀችኝ። «አባዬ፣ ግን የትኞቹ ናቸው የሚሄዱት?»

ወደ ሻላዎቹ ጠቆምኩ። ከዛ አፈርኩ። ሻላ የት ይሄዳል? ሻላ የኛው ነው። እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ይፈለፍላል፣ ለምግብ ዝዋይና ሌሎቹ ሐይቆች ይመላለሳል። አባ ኮዳም የትም አይሄድም። ጃካናውም፣ አጥማጁም፣ ቀኑን ሙሉ ያነሳናቸው በሙሉ ነዋሪ ናቸው። ጥቅምት ላይ ብንመጣም፣ ሐምሌ ላይ ብንመጣም እናገኛቸዋለን። መጋቢት ነው ብዬ ቤተሰቤን ይዤ መጥቼ፣ መጋቢትን መጋቢት ያደረጉትን ወፎች አንዳቸውንም አላነሳሁም።

ስልኬ ላይ መርሊን የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጭኜ ነበር። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል ያዘጋጀው ነው፤ ፎቶ ሲሰጡት ስሙን ይገምታል፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ግን የአካባቢውን ጥቅል ቀድሞ በዋይፋይ ማውረድ ያስፈልጋል። እሱን ይዘን ጭቃው ላይ መፈለግ ጀመርን። መጀመሪያ ምንም የለም አልን። ጭቃ ብቻ። ከዛ ጭቃው ተንቀሳቀሰ።

ድንቢጥ የሚያክሉ፣ ቡናማ፣ ከመሬቱ ጋር አንድ የሆኑ ወፎች ናቸው። በአስር በሃያ ሆነው ጭቃውን እንደ ስፌት መኪና መርፌ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። መርሊን ትንሹን ሊትል ስቲንት አለው። ክብደቱ 25 ግራም ገደማ ነው። የሚፈለፍለው ደግሞ ከኖርዌይ ጫፍ እስከ ሩሲያ ሰሜን ባለው የአርክቲክ ምድር ነው። ልጆቹን «ከስኳር ከረጢት ላይ ጥቂት ማንኪያ ማለት ነው፣ እሱ ነው እዛ ድረስ የሚበረው» ስላቸው ትንሹ ልጄ አላመነኝም። እስካሁንም አያምነኝም።

አጠገባቸው ትንሽ ረዘም ያለ አለ፤ ጀርባው ነጠብጣብ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ፣ እግሩ ቢጫ ቢጤ። በእንግሊዝኛ «ውድ ሳንድፓይፐር» ይሉታል (ውድ የዋጋው ሳይሆን የእንግሊዝኛው፣ ጫካ ማለት ነው)። ድንጋይ ላይ ደግሞ ብቻውን ቆሞ ጅራቱን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አለ፣ እሱ ኮመን ሳንድፓይፐር ነው። ትንሹ ልጄ «ዳንሰኛው» ብሎ ሰየመው፤ እኛ ቤት ከአሁን በኋላ ስሙ ይኸው ነው። ፈንጠር ብለው የሚዋኙት ዳክዬዎች አንዷ አፏ እንደ ማንኪያ የተለጠጠ ነው፣ አንዱ ከዓይኑ በላይ እስከ ማጅራቱ ነጭ መስመር ያለው ወንድ ጋርጋኒ ነው። እነዚህም እንግዶች ናቸው። ከዳክዬዎቹ በላይ እየተንሳፈፉ የሚያልፉ ተርን የሚባሉ ወፎች አሉ። በጋውን ነጭና ግራጫ ሆነው ይከርማሉ፣ መጋቢት ላይ የሠርግ ልብሳቸው መውጣት ይጀምራል። ግማሹ አካላቸው ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ፣ ልክ ቀለም ቅቡን ሳይጨርሱ እንደተውት ግድግዳ። ይሄን ዝንጉርጉር መልክ በኅዳር ብትመጡ አታገኙትም።

ትንንሾቹን ለማንሳት ያለው ዘዴ አንድ ነው፤ መሬት ላይ መተኛት። ቆማችሁ ካነሳችሁ ቡናማ ወፍ በቡናማ ጭቃ ላይ ይሆናል፣ ምንም አይታይም። በሆዳችሁ ስትተኙ ከወፉ ኋላ ያለው ጭቃ ይደበዝዛል፣ ወፉ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ማዳበሪያ ጆንያ አነጠፍን። እኔ ጆንያ ላይ፣ ልጄ ጆንያ ላይ፣ ስልኳን በባለቤቴ ባይኖኩላር አንዱ ዓይን ላይ ገጥማ። አዎ፣ በባይኖኩላር በኩል በስልክ ማንሳት ይቻላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክብ ጥቁር ጠርዝ ይኖረዋል፣ ግን ይሠራል። ሌንስ መግዛት ለማይችል ትልቁ ምስጢር ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ አትከተሏቸው። መጀመሪያ ላይ ተጠጋሁ፣ በረሩ። ተጠጋሁ፣ በረሩ። ሦስተኛው ላይ ተኝተን አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ሳንነቃነቅ ስንቆይ ራሳቸው መጡ፤ አንዱ ሦስት ሜትር ላይ ደረሰ። ለሰባት ዓመት ልጅ ሩብ ሰዓት ዓመት ነው። ትንሹን ባለቤቴ ወሰደችው፣ ጠጠር ይቁጠር ብላ። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን የሥራ ክፍፍል ቤት ሆናችሁ ጨርሱ።

ከቅዳሴ የተመለሰችው እማዬ እዛው አገኘችን። ነጠላዋን ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እኔ «ምን ያክል ይበላሉ፣ ቀና እንኳን አይሉም» አልኩ። «ስንቃቸውን እየቋጠሩ ነዋ» አለች፣ ይሄ ምን ይጠየቃል በሚል ድምፅ።

ልክ ናት። እነዚህ ወፎች ከመነሳታቸው በፊት ባሉት ሳምንታት ስብ ያጠራቅማሉ። ነዳጃቸው እሱ ነው፤ ክብደታቸው በጣም ይጨምራል፣ ከዛ በረሃና ባሕር ያቋርጣሉ። ለዛ ነው ቀና የማይሉት። እኔ ተጠግቼ ባስበረርኳቸው ቁጥር ከዛ ስንቅ ላይ እየዘገንኩ ነበር ማለት ነው። ሰው ሻንጣ ሲያሳስር መሃል ገብቶ ዕቃ እንደመበተን። ከዛ በኋላ የትኛውም ወፍ አንገቱን ቀና አድርጎ ካየኝ ቆምኩ።

የቱሉ ጉዶው ነገር አልተሳካም። የጀልባው ሰውዬ ነፋስ እየተነሳ ነው፣ ደርሶ መልሱም ቀኑን ይፈጃል አለን። ትንሹ ልጄ አለቀሰ፤ እማዬ ከሩቅ ደሴቱን ተሳለመች። ወደ ደሴቶቹ ለመሄድ የምታስቡ ሁለት ሌሊት ያዙ፣ በጠዋትም ተነሱ፤ የሕይወት ጃኬት ከሌለ ደግሞ አትሳፈሩ። ከጠየቅኳቸው ሁለት ጀልባዎች አንዱ ላይ አልነበረም።

ለፎቶዎቹ ጥቂት ነገር ልጨምር። እሁድ 3 ሰዓት ላይ ሚሞሪ ካርዴ ሞላ፣ ልክ ተርኖቹ ሲቀርቡ። በተከታታይ የሚያነሳውን አሠራር ስትጠቀሙ በደቂቃ መቶ ይሞላል፤ ቅዳሜ ማታ ከቀኑ ፎቶ የማይረባውን ሰርዛችሁ እደሩ። ትርፍ ባትሪ ያዙ። በቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ አለዚያ የለፋችሁበት ላባ ሁሉ ተጨምቆ ይጠፋል።

እኔም እንደ ፋይል ስቶክሆልም ላለው ወንድሜ ላክሁለት፤ የውድ ሳንድፓይፐሯን፣ ልጄ በባይኖኩላር ያነሳቻትን፣ ክብ ጥቁር ጠርዝ ያላትን። ይሄ ወፍ ስዊድን ረግረግ ላይ እንደሚፈለፍል አንብቤ ነበር። ልጄ ራሷ በድምፅ ነገረችው፤ «አጎቴ፣ ይቺ ወደ እናንተ እየመጣች ነው፣ ስትደርስ አንሳትና ላክልን» አለችው።

ማታ ላይ መለሰ። መስኮቱን ከፍቶ የላከው ፎቶ ነው፣ መኪናው በበረዶ ተሸፍኗል። ከሥሩ «እዚህ ገና ነው፣ እዛው ትንሽ ይብሉ በያቸው» ብሎ ጽፏል።